ሕንፃው አያስተምርም

ሱሪዬን ላሳጥር ሰፈራችን ካለው ልብስ ሰፊ ቤት ስገባ፣ ሽማግሌው ከታናሽ ልጃቸው ጋር ክርክር ገጥመው አገኘኋቸው። ሆስፒታል የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኔን ስለሚያውቁ ዳኛ አገኘን ብለው ወንበር ሳቡልኝ።

ልጅቱ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ የእኔኑ ሙያ ልትማር ኮሌጅ ልትገባ ነው። አባቷ የመረጡላት ታላቅ እህቷ የተመረቀችበትን፣ አስፋልት ዳር ያለውን ባለመስታወት ሕንፃ ኮሌጅ ነው። ስሙ በሬዲዮ ይጠራል፤ ጎረቤቱም ሁሉ ልጁን የሚልከው እዚያ ነው። እሷ ግን ከከተማው ጫፍ ያለውን አሮጌውን ኮሌጅ ትፈልጋለች።

"አባዬ፣ ሕንፃው አያስተምርም" አለች ረጋ ብላ። "ከዚያ የወጡት የት እንደደረሱ ጠይቄያለሁ። አብዛኞቹ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አላለፉም። ከአሮጌው የወጡት ግን በየጤና ጣቢያው ይሠራሉ፤ ትምህርታቸውን የቀጠሉም አሉ።"

"ፈተና የሚጥለው የተማሪው ስንፍና ነው" አሉ አባት።

ይህን ሲሉ ታላቋ ልጅ እዚያው ጥግ ላይ ቆማ ልብስ ትተኩስ ነበር። ያን ፈተና ደጋግማ ወድቃ ነው አባቷ ሱቅ የቀረችው። በትምህርት ቤት ሳለች ግን ከክፍሏ አንደኛ ነበረች።

"አባዬ፣ እኔ ማይክሮስኮፕ በእጄ ሳልነካ ነው የተመረቅኩት" አለች ታላቋ ካውያዋን አስቀምጣ። "ያለው አንድ ነበር፤ እሱም የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። እንዳታዝን ብዬ ዝም አልኩህ። ከመግባቴ በፊት አንድ ተመራቂ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ይነግረን ነበር። እኛ የጠየቅነው ግን የኮሌጁን መዝጋቢ ነው።"

የስፌት መኪናው ቆመ። ሽማግሌው ታላቋን ቀና ብለው አዩዋት።

"ለካ የራሴን ስህተት በልጄ ሳሳብብ ኖሬአለሁ። በሰው ፊት ሰነፍ ብዬሻለሁ" አሉ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…" ብለው ጀመሩና ተረቱን ሳይጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ልጄ፣ ኮሌጅ በምን ይለያል?"

"እርስዎ ጨርቅ ሲመርጡ መደርደሪያ ላይ ሲያብረቀርቅ አይተው ነው?"

"የለም። ታጥቦ ቀለሙን መልቀቅ አለመልቀቁን ነው የማጣራው።"

"ኮሌጅም እንዲሁ ነው" አልኳቸው። ተመራቂዎቹ ፈተናውን ያልፉ እንደሆነ፣ በተማሩበት ሙያ ሥራ ያገኙ እንደሆነ፣ ለመቀጠል የፈለጉትንም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይቀበላቸው እንደሆነ ከራሳቸው ከተመራቂዎቹ እንዲጠይቁ ነገርኳቸው።

በሳምንቱ አባትና ልጆች አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። እዚያ ያገኟቸው የአሮጌው ኮሌጅ ተመራቂዎች ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ መምህራኑም ነጥብ ለመስጠት እንደሚሰስቱ አልደበቁም። ዳሩ ግን ሁሉም በሙያቸው እንጀራ ይበላሉ። ታናሿ አሮጌው ኮሌጅ ገባች። ፈቃዷን በመጀመሪያው ፈተና አግኝታ ዛሬ አጠገቤ ትሠራለች፤ ማታ ማታም ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች።

ታላቋ ትምህርቷን እንደገና እንድትጀምር አባቷ ለምነዋት ነበር። ልቤ ደክሟል አለቻቸው።

አሁን ጎረቤት ስለ ኮሌጅ ምክር ሲጠይቃቸው ሽማግሌው ስለ ታናሿ አያወሩም። "መጀመሪያ ታላቋን ስሟት" ይላሉ። እሷም የደረሰባትን ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች። በእሷ ምክር ስንቱ የጎረቤት ልጅ ከስህተት ዳነ። አባቷ ግን እሷ ማውራት ስትጀምር፣ አንዳች ሥራ ያስታወሱ መስለው ወደ ውጭ ይወጣሉ።