ገመዱን ልቀቀው!

አትሳቁብኝ፤ እኔ የማንኩሳ ገበሬ ነኝ፣ በቅሎ እንጂ ጀልባ አስሬ አላውቅም። ሰው ላሻግርበት ብዬ ጢስ ዓባይ ላይ የሞተር ጀልባ የገዛሁ ሰሞን፣ አማቴን አሳፍሬ ከፏፏቴው በላይ ወንዙን ስንሻገር ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ውሃው ቁልቁል ይወስደን ጀመር፤ የፏፏቴው ድምፅ እየቀረበ መጣ። መልህቅ የሚሉትን ብረት ወረወርኩና፣ በቅሎዬ የሰው ማሳ እንዳትገባ እንደማስራት፣ ገመዱን አሳጥሬ ቋጠርኩት። ብረቱ ግን የወንዙን ወለል እየቧጠጠ ተከተለን እንጂ አልያዘም።

ዳር የቆመ ሌላ ባለጀልባ፣ "ገመዱን ልቀቀው! ኧረ ልቀቀው!" እያለ ይጮኻል። ይሄ ሰው ጠላቴ ነው እንዴ? የቀረችኝ እሷው ገመድ ናት፤ ይብስ ጨበጥኳት። አማቴ ግን፣ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሚስቴ "ልጄ ባሕር ዳር ሄዳ ትማር፣ ፍቀድላት" ሲሉኝ እምቢ ያልኳቸው ሴትዮ፣ "በማርያም! አርዝምለት እኮ ነው የሚልህ!" ብለው ጮኹብኝ። ቋጠሮውን ፈትቼ ገመዱን ጨመርኩለት። ጀልባዋ ወረደች፣ አሁንም ወረደች፣ አለቀልን ስል ቀጥ ብላ ቆመች። ለካ ገመዱ ሲረዝም ብረቱ ተጋድሞ ወለሉን ይነክሳል፤ መልህቁ ያዘ!

ባለጀልባው መጥቶ ጎትቶ አወጣን። መሬት ስንረግጥ አማቴ የረጠበ ነጠላቸውን እየጨመቁ፣ "አየህ ልጄ፣ አሳጥረህ ያሰርከው ነው የሚያመልጥህ" አሉኝ።

ስለ ጀልባው ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ዓይናቸው ግን እኔው ላይ ነው።

"ገብቶኛል እማማ" አልኳቸው፤ "ሰኞ ትሂድ።"