በጆሮ የሚገባው እንግዳ

ሮቤ መናኸሪያ የሄድኩት ከደሎ መና የተላከልኝን ማር ለመቀበል ነበር። መኪናው ዘገየ። እኔም እንደ ማንኛውም ሥራ ፈት የሰው ጉዳይ መመልከት ጀመርኩ፤ በዚያን ቀን ባልመለከት ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

ወደ ብድሬ ከተማ ከሚሄደው አውቶቡስ አጠገብ ጎረቤቴ ሐጂ ወዚር ቆመዋል። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሲቆጡ ከሩቅ ያስታውቃሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ዙሀይራ ሻንጣዋን ታቅፋ ታለቅሳለች። ዙሀይራ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የትምህርት ዘመኑም ገና አልተጋመሰም።

«አካም ጅርቱ፣ ሐጂ! ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

«ፈያ፣ አልሀምዱሊላህ። ነገሩስ ደህና አይደለም፣ አቶ ኃይለልዑል። ይቺን ልጅ አክስቷ ዘንድ ልልካት ነው። እዚያ ስልክ የሚያስነካት የለም፤ ጆሮዋም ልቧም ያርፋል።»

«ትምህርቷስ?»

«ለከርሞ ይደርሳል።»

ይህ «ለከርሞ» የሚሉት ነገር ያስፈራኛል። ዓመቱ ሳያልቅ ከክፍል የወጡ ስንት ሴት ልጆች ሳይመለሱ ቀርተዋል! ይህን ልነግራቸው ስል ከጎባ ከመጣው ሚኒባስ የዙሀይራ የሳይንስ መምህርት ፈርዶሳ ወረደች። ልጅቷን ከነሻንጣዋ ስታይ ቀጥታ ወደ እኛ መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። ዙሀይራ ወዴት ነው?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አንቺኑ ነበር የምፈልገው! ‹ፖድካስት አዳምጡ› ብለሽ ልጆቹን ያሳሳትሽ አንቺ አይደለሽም?»

«አዳምጡ ብያለሁ። ምን ተፈጠረ?»

«ትናንት ኤርፎን ሰክታ ብቻዋን ትስቃለች። ነጥቄ ብሰማ አንድ ጎረምሳ አባቱን እንዴት እንዳታለለ ያወራል፤ ጓደኞቹ ይንከተከታሉ። ወላሂ፣ ደሜ ፈላ!»

ክርክሩ ሊጦፍ ነው ብዬ ስጠብቅ መምህርቷ በትሕትና «ቢቆጡ እውነት አለዎት፣ ሐጂ» አለች።

«እውነት ካለኝማ ምን ቀረ? ረዳቱ! ሻንጣውን ጫን!»

ሻንጣው ከዙሀይራ እቅፍ ወጥቶ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ፈርዶሳ። «ዙሀይራ፣ ያንን ፕሮግራም ማን መረጠልሽ?»

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። «ማንም። አንቺ ያልሽንን፣ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚያወራውን እየሰማሁ ነበር። እሱ ሲያልቅ ስልኩ ራሱ ሌላ ቀጠለ። ግን ስላሳቀኝ አልዘጋሁትም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች ፈርዶሳ። «አዳምጡ አልኩ እንጂ እንዴት እንደሚመረጥ አላስተማርኩም። ሐጂ፣ አንድ የማያውቁት መንገደኛ በርዎን ቢያንኳኳ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አስገባዋለሁ እንጂ! ወተት ይቀርብለታል። ሲያርፍ ደግሞ ኦዱውን፣ ወሬውን እጠይቀዋለሁ። ከየት መጣህ? የማን ልጅ ነህ? ጉዳይህስ ምንድን ነው? እነዚህን ሳይመልስ እኔ ቤት ወግ የጀመረ የለም።»

«በልጆችዎ ፊት የማይሆን ነገር ቢያወራስ?»

«በጨዋ ደንብ አሰናብተዋለሁ!»

«እሱን ያሰናብታሉ። ልጆችዎንስ ብድሬ ይልካሉ?»

ሐጂ ቀና ብለው የተጫነውን ሻንጣ አዩ። እኔም ሳቄ እንዳያመልጠኝ ማሩ የሚመጣበትን መንገድ ማየት ጀመርኩ።

«ፖድካስትም እንግዳ ነው» አለች መምህርቷ፤ «በበር ፈንታ በጆሮ ይገባል። እርስዎ ግን ማንነቱን ሳይጠይቁ ከልጅዎ ጋር አስቀመጡት።»

«ልጄ፣ እኔ ስልክ መነካካት የት አውቄ?»

«ስልኩን እሷ ትነካካ። ሰው መመዘኑን ግን ከእርስዎ የተሻለ ማን ያውቃል?»

ይህ ንግግር ሐጂን ያዛቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲመዝኑ ኖረው፣ ለልጃቸው ይህን አላስተማሯትም ነበር። ኤርፎኑ ተነቅሎ ስልኩ ጮክ ብሎ እንዲናገር ተደረገና መናኸሪያው ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ማር የሆነ ሰው ነው። ሳይደክሙ ማጥናት ስለሚቻልበት መንገድ አወራለሁ ብሎ ገባ፤ ጥቂት እንደቆየ የሚሸጠውን ኪኒን ማሞገስ ጀመረ። ሐጂ በጥሞና ያዳምጣሉ። ዙሀይራ ግን ቅንድቧን ሰበሰበች።

«አባ፣ ይሄ ሰውዬ ከየት እንደመጣ አልተናገረም። ጉዳዩንም ደብቆ ነው የገባው። ላሰናብተው?»

ሐጂ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩዋት ሁሉ ተመለከቷት። «አሰናብቺው!» አሉ።

ቀጥሎ አንዲት የእርሻ ባለሙያ በኦሮምኛ ተናገረች። ስሟንና ሥራዋን፣ የምትለውንም ከየት እንዳገኘችው ገለጸች። ለዙሀይራ እኩዮች የሚስማማ አነጋገር ነበራት። ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ በነፋስ ተጭኖ ከአገር አገር እንዴት እንደሚጓዝ ስታስረዳ ሐጂ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ስንዴ ስሸጥ ስገዛ ሸበትኩ፤ ይህን ግን የነገረኝ የለም። እስቲ ድገሚው!»

በዚህ መሐል ረዳቱ «ሐጂ፣ ልንወጣ ነው! ልጅቷ ትገባለች አትገባም?» ብሎ ጮኸ።

«አትገባም! ሻንጣዋን አውርድ!»

ዙሀይራ አባቷ ደረት ላይ ተለጠፈች። አውቶቡሱም ያለ እሷ ሄደ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ የራሴ ልጅ የተረፈች ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ በሐጂ ሱቅ፣ ከሰዓት ከሚሰገደው የአስር ሶላት በኋላ፣ አዲስ ልማድ አለ። ስልኩ በራሱ ፈቃድ ሌላ ፕሮግራም እንዳያስከትል ተስተካክሏል። አዲስ ፖድካስት አባትና ልጅ አብረው ሳይሰሙት ኤርፎን ውስጥ አይገባም፤ ሰምታ ስትጨርስም ዙሀይራ የሰማችውን በራሷ ቃል ትናገራለች። ይህ ልማድ ያተረፈው ብዙ ነው። ልጅቷ እውቀትን ከማታለያ ለየች፤ ክፍል ውስጥም ደፍራ የምትጠይቅ ሆነች። አባትየውም ልጃቸውን ምን እንደሚያስቃትና ምን እንደሚያሳስባት አወቁ። ቁጣ ይህን ሁሉ ሊሰጣቸው አይችልም ነበር።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አቶ ጃርሶ የተባሉ አባት ተነሥተው «መፍትሔው ስልኩን መስበር ነው!» አሉ። ሁላችንም ወደ ሐጂ ዞርን። ሐጂ ተነሡ፤ ንግግር ለመጀመር ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ተቀመጠችው ልጃቸው አመለከቱ።

«እኔ ከእሷ የተማርኩ ነኝ፤ እሷን ጠይቋት» ብለው ተቀመጡ።

ዙሀይራ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ተነሥታ፣ «ስልኩን ከመስበር በፊት እንግዳውን ‹ከየት መጣህ? ጉዳይህስ ምንድን ነው?› ብለን እንጠይቀው» ብላ መናገር ጀመረች። እስክትጨርስ ድረስ አዳራሹ ውስጥ ማንም አላቋረጣትም።