ስንሻው ያገባት ጎል

ሸሕዲ አጠገብ የመንግሥት እርሻ ላይ ሰሊጥ ስናጭድ፣ በደርግ ጊዜ ነው፣ ስንሻው የሚባል አንድ የሚያነክስ ትራክተር ነጂ ነበረ። ኳስ ያቆመው ዝነኛ አጥቂም ስሙ ስንሻው ስለሆነ፣ ነጂው «ያ እኔ ነኝ» ሲለን ሳቅንበት። እኛ አጥቂውን የምናውቀው በሬዲዮ ነው፤ መልኩን ማን አይቶት።

አንድ ቀን ጥላ ሥር አርፈን ሳለ፣ ከጎጃም የመጣ አጫጅ፣ አጥቂው ስንሻው ለዋንጫ ያገባትን ጎል ይተርክልን ጀመር። «ዘሎ በቴስታ» ከማለቱ ነጂው፣ «ኧረ ትከሻዬን መትታ ነው የገባችው። እኔ እንኳ አላየኋትም» አለ።

አጫጁ ማጭዱን ጥሎ ተነሣ። «ስማ፣ እኔ ያን ቀን የተወለደ ልጄን ስንሻው ብዬዋለሁ። እሱን አታቃልልብኝ» አለው።

ነጂው ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ፣ «እውነትክን ነው፣ በቴስታ ነው ያገባው። ቀልዴን ነው» አለና ወደ ትራክተሩ ሄደ።

እኔ ያኔ ነው ያመንኩት። አስመሳይ ቢሆን ኖሮ እኔ ነኝ ብሎ ይሟገት ነበር እንጂ፣ ያችን ጎል እንዲህ አሳልፎ አይሰጥም።