ሞተር የተከለከለበት ሐይቅ

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ይሸብት እንጂ ያደገው ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው። በቀደም ደስ ይበለው ብዬ አዲሱ ገበያ ካለው ጓደኛዬ የጀልባ ሞተርና መረብ ተውሼ ወደ አንድ ሐይቅ ወሰድኩት። ጥበቃው ግን፣ "ሞተር ክልክል ነው፤ ዓሣውን ይረብሻል። በመቅዘፊያ ከሆነ ግቡ" አለን። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜው መጥቼ፣ በቃ በገንኩ። አባቴ ምንም አልመሰለው፤ እዚያው የተከራየነው ጀልባ ላይ ወጥቶ ይቀዝፍ ጀመር።

መሀል ስንደርስ መረቡን አንስቶ፣ "ባሳ" ብሎ ተጣራ። ባሳ የሞተው ታላቅ ወንድሙ ነው። ደንግጬ ሳየው፣ "ከጀልባ ጀልባ እንጠራራ ነበር፤ እሱ አቤት ሳይለኝ መረብ አልጥልም" አለኝ። መረቡ እጁ ላይ ቀረ።

"አቤት" አልኩት።

ጣለው።