የማሪካ ሥዕል ላይ የተፋሁ ለታ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ዌስተን ሰፈር፣ ሕንፃችን ውስጥ ጎረቤት ማለት ጎረቤት ነበር፤ እንደ አሁኑ ሊፍት ገብቶ ጫማ ጫማ ማየት የለም። ታዲያ ከበሬ ፊት ለፊት ማሪካ ትኖር ነበር፣ ሮማ ከሚባለው ሕዝብ ናት። ሮማዎች ማለት እዚያ አገራቸው «ሌባ፣ ጠንቋይ» እየተባሉ የሚገፉ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ሸክላ ሠሪውን ቡዳ እንደምንለው ማለት ነው፣ ይቅር ይበለን!

እና ይቺ ማሪካ የራሷን ሕይወት ሣለች። ሕፃን ሆና፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ልጆች ሲተፉባት። ሥዕሉን ሕንፃው መግቢያ ላይ ሰቀለችው፣ «እዚህ እንኳ አልደበቅም» ብላ። ሱፐሩ ታዲያ፣ ያ ሕንፃውን የሚጠብቀው መላጣ፣ «አንድ ሰው ኮምፕሌን ቢያደርግ፣ ቅር ቢለው፣ ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው የማወርደው!» አላት።

ቅዳሜ ተከራዩ ሁሉ ሊያይ ወረደ። ማሪካ «አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ከወደድሽው ሌላውም ይወደዋል» አለችኝ። ቀረብኩ። ወይኔ የልጅቷ ዓይን! አንጀቴን በላችው፣ እና ሳላስበው፣ እናቴ እንደምታደርገው፣ ሥዕሉ ላይ ግንባሯን «እንትፍ! እንትፍ! እደጊ! ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ!» አልኳት።

ሰዉ ሁሉ ክው አለ። ማሪካ «አንቺም?» አለችኝ። ሱፐሩማ ደስ ብሎት «ይኸው ኮምፕሌን!» ብሎ ሥዕሉን ሊያወርድ መሰላሉን ይዞ መጣ!

«ኖ ኮምፕሌን! ብሌሲንግ! ብሌሲንግ!» ምርቃት ነው እላለሁ፣ ማን ይስማኝ? ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሱፐሩን ክንዱን ለቀም አደረግኩና መላጣው ላይ «እንትፍ! ያሳድግህ!» አልኩት።

«ሌዲ!» ብሎ ጮኸ፣ በእጅጌው እየጠረገ።

ይሄኔ ማሪካ በሳቅ ፈነዳች። «እናቴ! እናቴም ሕፃን ስታይ እንዲህ ነበር የምታደርገው፣ ዓይን እንዳይበላው!» ብላ እኔንም ግንባሬን «ፕቱ! ፕቱ!» አለችኝ። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ታዲያ ኮምፕሌኑ የታለ?» ብትለው፣ ሱፐሩ መላጣውን እንደያዘ መሰላሉን መለሰ፣ ሥዕሉም በሩ ላይ ቀረ።

ቆይታ እኔንም ሥዕሉ ላይ ጨመረችኝ፣ ከልጆቹ ማዶ፣ ጉንጬን ነፍቼ። «ከተፉብኝ ሰዎች ሁሉ የወደድሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። ያኔ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

«አያቴ፣ ሶ ግሮስ! ያስጠላል!»

ግሮስ ትላለች ደግሞ! ነይ ወዲህ፣ ግንባርሽን አምጪው! የት ትሮጫለሽ?