የአያ ሙሉ አቤቱታ

ወረታ አስተማሪ ሳለሁ ነው። የፎገራ ገበሬዎች የምርጫው ኮሮጆ ሳይቆጠር ተወሰደብን ብለው ለወረዳው አቤት አሉ። አቤቱታውን የጻፍኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ እነሱ በጣት አሻራቸው ፈረሙ። አስተዳዳሪው ገበሬውንም የመንግሥት ሠራተኛውንም አዳራሽ ሰብስቦ፣ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ ወረቀቱን አውለበለበ። እኔ ከመምህራኑ መካከል አንገቴን ደፋሁ። አያ ሙሉ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? መጻፍ መቼ ታውቅና!»

«ድምፄን የተቀማሁት እኔ፤ ቃሉም የእኔ ነው።»

ፖሊሶች ሲወስዷቸው በአጠገቤ አለፉ፤ እንዳልጠረጠር ብለው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ከወራት በኋላ ሲፈቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «ተወው ልጄ፤ አንተ ብትታሰር ልጆቻችንን ማን ያስተምርልናል?» አሉኝ። የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነበር። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስለ መምረጥ መብት ላስረዳ ብል አፌ አልከፈት አለኝ።