ሚስማር የማይመታበት ግቢ

«ዕቃሽን ብዙ አትፍቺ፤ ቤቱን ነገ ልሸጠው እችላለሁ። ሚስማርም እንዳትመቺ፤ ግድግዳው ከተበሳ ዋጋው ይወርዳል።»

ወጣቷ እናት ነፍሰ ጡር ሆና የጓሮዋን ክፍል ስትከራይ አከራይዋ ያሏት ይህንን ነበር። ያኔ በሆዷ የነበረው ልጅ ዛሬ ግቢውን ሲያካልል ይውላል። ዕቃዋ ግን አሁንም በካርቶን ነው። ቤቱ ከተሸጠ መግቢያ የላትም፤ ገዢ በመጣ ቁጥር ልጇን አቅፋ ደጅ ትቆማለች።

ዛሬ ጠዋትም አንድ ገዢ መጥቶ፣ ሳይገዛ ሄደ። ደላላው ተከትሎት ሲወጣ የግቢውን በር እንኳ አልዘጋም። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ በረንዳ ላይ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ጫፍ ትቀምቅማለች። ድምጿ እንኳ በወጉ የማይሰማው ወጣቷ እናት፣ ዛሬ ልብስ እያሰጣች ሳቋ ያመልጣታል። ከራሷ በላይ የአከራይዋ መስኮት ገርበብ ብሏል።

«እትዬ፣ የዛሬ ፀሐይ ደግነቱ... ልብሱ ሳልጨምቀው ሊደርቅልኝ ነው። ኧረ አይመልሱልኝ፣ መርፌውን እንዳይውጡት። እንዲያው አንዲት ሴት ትዝ ብላኝ ነው... እዚህ ሰፈር አይደለም፣ ሩቅ ነው። ብልህ ብልህ እንዳይመስልዎት። ቤቷን ለሽያጭ አወጣች። የመጀመሪያው ገዢ በጠራችው ዋጋ እሺ አለ። ሌላው ሰው ቢሆን ይፈራረም ነበር፣ አይደል? እሷ ግን... ‹እሺ ካለማ ረክሷል ማለት ነው› ብላ ጨመረችበት። እንዲህ አርቆ የሚያይ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ ትምህርቴን ሳልጨርስ ያገባሁት ይህ ከየት ይመጣልኛል።

ከዚያ በሰፈሩ መንገድ ሊወጣ ነው ተባለ፣ ዋጋው ጣራ ነካ። ባልና ሚስት መጡ፤ ሚስትየዋ መጋረጃ ሁሉ ለክታለች። እሺ አሉ። ጥፋታቸው እሱ ነበር... ጨመረች። ሲሚንቶ ተወደደ ሲባል ጨመረች። ጎረቤቷ አጥሩን ቀለም ቀባ፣ እሷ ጨመረች። ዘንቦ ጣራው ስላላፈሰሰም ጨመረች ይላሉ... እኔ አላየሁም፣ የሰው አፍ ክፉ ነው። ዋጋው ሲጠራ በሩ ሲጢጥ ይላል አሉ። አፍሮ ይሆን?

አሁንማ መንገዱ በሌላ በኩል ዞረ። ባንኩ ብድር አጠበቀ። ማዶ ደግሞ ያ ሁሉ ፎቅ አልቆ፣ ‹የሚሸጥ› የሚል ጨርቅ በየመስኮቱ ተንጠልጥሏል... እኔ ሞኟ ልብስ ያሰጡ መስሎኝ። ገዢው ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። እሷ ንቅንቅ? ዛሬ ጠዋት የመጣውን... ምን ነካኝ፣ እዚያ ሩቅ የመጣውን ገዢ ‹ካምናው ዋጋ አልወርድም› ብላ ሸኘችው። ደላላው የበሩን እጀታ ይዞ ለመናት። ገበያው ሲወርድ እሷ ብቻዋን ላይ ቀረች። ይህን ልበ ሙሉነት ለማን ሰጠው?

ለተከራዮቿስ ቢሉ። ‹ነገ ትወጣላችሁ› እያለች ስንቱን ልጅ ለወግ አበቃች። እናት ማለት እሷ ናት።»

የአከራይዋ መስኮት መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ አቀረቀረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ብቻ ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣት፣ እትዬ። ረጅም... በጣም ረጅም። ቤቱን በጠራችው ዋጋ የሚገዛው ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሠርቶ፣ እሺ ሊላት እስኪመጣ ድረስ፣ በሙሉ ጤና እዚያው ቤቷ ውስጥ ያቆይልን። አሜን ይበሉ እንጂ።»

የልብስ ሳፋዋን ደፍታ ወደ ክፍሏ ገባች። ከካርቶኑ ሥር አንድ ሚስማር ፈልጋ፣ ድንጋይ ይዛ ወደ ግድግዳው ቀረበች። ቀስ ብላ አልመታችውም፤ ግቢው ሁሉ ሰማ። ከዚያ የልጇን ጃኬት ሰቀለችበት።